የእትዬ ከድጃ የቤተሰብ ቆጠራ

እትዬ ከድጃ መሞታቸውን የሰማሁት ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ልገዛ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

«ቅዳሜ ቀብር ስውል የሥራ ሺፍቴ አመለጠኝ» አለ አንደኛው።

«የማን ቀብር?»

«የትምህርት ቤቷ፣ ምሳ የሚያድሉት የወሎ ሴትዮ። እትዬ ከድጃ።»

«ውይ! እሳቸውንስ ሞት ሮጦ ካልሆነ አይደርስባቸውም ነበር።»

ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ተራዬ ሲደርስ ባለሱቋ ሁለት ጊዜ «ምን ልስጥሽ?» አለችኝ። የመጣሁበት ጠፋኝ። ባዶ እጄን ወጣሁ፤ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ስለረሳሁ ከኦሎምፒክ መንገድ እስከ ፒኮ መንገድ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ። መርዶ ወግ አለው፤ ሰው ተመርጦ፣ በጠዋት፣ ደግፈው ይዘውሽ ነው የሚነገርሽ። እኔ ግን እሳቸው ቅዳሜ ተቀብረው እሁድ ልብሴን አጥቤያለሁ፤ ሰኞ ሥራ ቦታ አሁን በማላስታውሰው ነገር ስቄያለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። ይህን የምጽፈውም ቁጭ ብዬ፣ ተነስቼ፣ ደግሞ ቁጭ ብዬ ነው።

እትዬ ከድጃን ያወቅኳቸው ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቅ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ በዓመቱ በቢሮ ረዳትነት ተቀጥሬ ነበር፤ ቅጽ አስሞላለሁ፣ እንግሊዝኛ ለማይሆንላቸው ወላጆች አስተረጉማለሁ። እሳቸው ካፍቴሪያው ውስጥ ምሳ ያድላሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ከሃምሳ ትንሽ ያለፉ ሴት ነበሩ። ምግብ የሚያድል ሁሉ የፀጉር መረብ እንዲያደርግ ደንቡ ያዛል፤ እሳቸው መረቡን ከሻሻቸው በላይ ደርበው ያጠልቁታል። አለቃቸው አንድ ቀን «ሻሽ ካለ መረቡ ይቅር» ብትላቸው «ደንብ ደንብ ነው» ብለው አላወለቁም።

ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ምሳቸውን የሚበሉት ቆመው፣ ከማጠቢያው አጠገብ፣ ዓይናቸው ልጆቹ ላይ ሆኖ ነው። የአሳማ ሥጋ ባለበት ቀን የሙስሊም ልጅ ትሪውን ሲዘረጋላቸው በጭልፋቸው የትሪውን ጠርዝ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ልጁም ገብቶት ወደ ድንቹ ያልፋል። ረቡዕና አርብ ደግሞ ቤታቸው የሚያስጾማቸውን የክርስቲያን ልጆች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። አይቡን ወደ ጎን ብለው ፍራፍሬ ይጨምሩላቸዋል።

«የናንተንም ጾም እኔው ልጠብቅላችሁ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «ወሎ ያደገ ሰው የሁለቱንም ጓዳ ያውቃል።»

እኔን በስሜ ሰናይት ብለው የሚጠሩኝ ሲቆጡ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ስሜ «ሹክሹክታ» ነበር። «አንች ሹክሹክታ፣ ድምፅሽን የት አስቀምጠሽው መጣሽ?» ይሉኛል፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት። ፊቴ ይቀላል። አንድ ጊዜ ራሴን ለመከላከል ያህል፣ እናቴ ሁልጊዜ የምትለውን «ዝም አይነቅዝም» አልኳቸው።

«ይነቅዛል» አሉኝ ሳያስጨርሱኝ። «እህል ሲነቅዝ ጮኾ ያውቃል?»

ሰዓዳ የምትባል የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። እናቷ ሱዳን ውስጥ በወባ ሞታ፣ እሷን ይዘው ነው እዚህ የመጡት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዕድሜዋ አራተኛ ክፍል አስገቧት እንጂ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ሌሎቹ ሲያነቡ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የምታነብ ታስመስላለች። ይህን ያወቀችባት የማንበቢያ ክፍሉ መምህር ሚስስ ግሪን ናት። ማንበቢያ ክፍሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ወደኋላ የቀሩ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት እየገቡ ከእንግሊዝኛው ሀ ሁ ይጀምራሉ። ሰዓዳ በመጀመሪያው ዓመቷ እዚያ ገብታ ፊደሎቹን ለይታለች፤ አጫጭር ቃላት እየገጣጠመች ነበር።

እትዬ ከድጃ በየትኛውም ቋንቋ አያነቡም። «ቁርኣኑን በጆሮዬ ነው የያዝሁት እንጂ ዓይኔ አያውቀውም» ይላሉ። በየቀኑ ምሳ አድለው ሲጨርሱ እርጥብ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ያቺን ክፍል በመስኮት አጮልቀው አይተው ይመለሳሉ። «የሰዓዳ አፍ ዛሬ ከወረቀቱ ጋር ሄደ» ይሉኛል፣ ወይም «ዛሬ አፏ ለብቻው ነው።» እንዴት እንደሚለዩት አላውቅም። ሚስስ ግሪንን ስጠይቃት ግን ትክክል ነበሩ።

ከዚያ አገራችን በየቴሌቪዥኑ የታየችበት መኸር መጣ።

ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ማታ ዜና በተከፈተ ቁጥር የወሎና የትግራይ ረሃብ ነበር። እትዬ ከድጃ ከኮምቦልቻ ወዲያ እህትና አራት የእህት ልጆች ነበሯቸው፤ ባል የሌላት እህት፣ ከዚህ በሚልኩላት የምትኖር። ደብዳቤ ከመጣ ዘጠኝ ወር አልፎት ነበር። እሳቸው ቴሌቪዥን ስለሌላቸው ጎረቤት ሄደው ያያሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። እንደ ሌላው ሰው አላለቀሱም። የቴሌቪዥኑን መስታወት አንድ ስንዝር ያህል ተጠግተው ቆመው የእህታቸውን ፊት ይፈልጋሉ። ካሜራው ሕዝቡን ጠርጎ ሲያልፍ ቴሌቪዥኑን ተቆጡት፦ «ቀስ በል! ምን ያስሮጥሃል!»

ነገሩ ትምህርት ቤት ለመግባት ሳምንት አልፈጀበትም። ልጆች ሲጨክኑ ልክ የላቸውም። «ኢትዮጵያዊ አይደለሽም፤ ኢትዮጵያውያን አይበሉም» አለች አንዲት ልጅ ሰዓዳን፣ ሰልፉ ላይ። ሁሉም ሳቁ። በማግስቱ የኛ ልጆች ከምሳ ሰልፍ መጥፋት ጀመሩ። አንዳንዱ ከቤት የያዘውን ዳቦ ጓሮ ተደብቆ ይበላል፣ አንዳንዱ ምንም አይበላም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከየት ነህ ሲባል «ጃማይካ» ብሎ መለሰ።

በዚያው ሰሞን የምሳ ማመልከቻ ቅጽ ወደየቤቱ ተልኮ ነበር። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ከሞላው ልጁ በነጻ ወይም በቅናሽ ይበላል። ሃያ ስድስት የኛ ልጆች ነበሩን። ተሞልቶ የተመለሰ ቅጽ ግን አንድም አልነበረም። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶን ያስረዳን ያን ጊዜ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስንት የድሀ ልጅ እንዳለ መንግሥት የሚያውቀው በዚህ ወረቀት ነው፤ ሌላ መለኪያ የለውም። የወረቀቱ ቁጥር ከወረደ ለማንበቢያ ክፍሉ የሚመጣው ገንዘብ ይቋረጣል፤ ሚስስ ግሪንም ከገና በኋላ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

በመዝገቡ መሠረት፣ በዚያ መኸር ከኢትዮጵያውያን የበለጠ ሀብታም ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ይህን ካፍቴሪያ ወርጄ ለእትዬ ከድጃ ነገርኳቸው። ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

«መኪና አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«እኔ አፍ አለኝ። ስንት ሰዓት ነው የምትወጭ?»

ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከሥራ ወጥተን ወላጆች ቤት ዞርን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታሉ። አንኳኩተው «ማን ነው?» እስኪባሉ አይጠብቁም፤ ገብተው ሲያበቁ ነው ሰላምታው። የመጀመሪያዋ እናት ሆስፒታል የምታጸዳ ወጣት ሴት ነበረች። ቅጹን ስታየው እጇን ሰበሰበች።

«እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈርምም። በቴሌቪዥን እንዲያ እያሳዩን፣ እኛ ደግሞ እዚህ በፊርማ እንለምን?»

«ልጅሽ የነሱን ምሳ አይብላ። ከፈለግሽ ከቤት ቋጥረሽ ላኪው፤ ማን ከለከለሽ? ይህ ወረቀት ግን ካልገባ መንግሥት ሀብታም ናት ብሎ ነው የሚጽፍሽ። ሀብታም ነሽ?»

«ኧረ እኔ!»

«ታዲያ ምን አስዋሸሽ? ፈርሚ።»

ሴትዮዋ ሳቀችና ፈረመች። ሌላው ቤትም እንደዚሁ። ቅጹ ላይ የቤተሰቡን ብዛት የሚጠይቅ መስመር አለ፤ እዚያ ጋ ስንደርስ እትዬ ከድጃ ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ነበር የሚያቀርቡት፦ «ስንት ነፍስ ታስተዳድራለህ?» ሰውም ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ሚስት፣ ሁለት ልጅ፣ ደሴ ያለች እናት፣ ካርቱም የቀሩ ሁለት ወንድሞች፣ የሟች እህት ልጆች። አንድ የምግብ ቤት አስተናጋጅ ዘጠኝ አለ። አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ አስራ አራት። ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠራው መኮንን፣ እናቱን አስቀድሞ ቆጥሮ፣ አስራ አንድ።

ቅጹ የሚለው «እዚህ ቤት ውስጥ የሚኖሩ» ነው። እኔ ይህን አውቃለሁ። በሁለተኛው ቤት ደረጃ ላይ ስንወርድ «እትዬ፣ እዚህ የሚኖሩትን ብቻ ሳይሆን አይቀርም የሚለው» ብያቸዋለሁ። ቀድመውኝ እየወረዱ ነበር። «ሰውየው ከደሞዙ የሚያበላቸውን ነው የቆጠረው። ድሀነቱ በነሱ አይደል እንዴ?» አሉ። የሚሉት ልክ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዝም ያልኩት ልክ ስለሆኑ አልነበረም፤ መድገም ስላፈርኩ ነው። ከዚያ በኋላ በየቤቱ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ዘጠኝ፣ አስራ አንድ፣ አስራ አራት እያልኩ ሞላሁ።

ሃያ አራት ቅጽ አስገባን። ዳይሬክተሩ እጃችንን ጨበጠ። እትዬ ከድጃ በዚያ ሳምንት ለኛ ልጆች ሁሉ ድንች በደንብ ነበር የሚያነሱት።

ከስድስት ቀን በኋላ ከዋናው ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ቅጾቹን ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ጣቷን አሳረፈችባቸው። አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ውስጥ አስራ አራት ሰው? እዚህም አስራ አንድ? ሁሉም በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ? አልጮኸችም። ሃያ አራቱም እንደሚሰረዙና «የሐሰት መረጃ» ተብለው እንደሚመዘገቡ በትሕትና ነገረችን። እትዬ ከድጃ ከነሽርጣቸው ተጠርተው ቆመዋል፤ የተባለውን አስተረጎምኩላቸው። በሩን ከፍተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ዞር አሉ።

«አውቀሽ ነበር?»

«አንድ ጊዜ ነግሬዎት ነበር።»

«አንድ ጊዜ። ደረጃ ላይ። በሹክሹክታ።»

ወለሉን አየሁ።

«ሰናይት፣ ቀና በይ። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ስሳሳት ስሕተት ነው ይባላል። አንች ታውቂያለሽ። አውቀሽ ዝም ያልሽው ምን ይባላል? እኔ እኮ ዝምታሽን ጨዋነት ነው ብዬ ነበር የያዝሁልሽ። በኔ ስህተት ሃያ አራት ቤት ሌባ ሊባል ነው። የኔዋም ልጅ አፏ ለብቻው ሊቀር።»

አለቀስኩ መሰለኝ። አላባበሉኝም። በጣታቸው የፊት ለፊቱን በር አሳዩኝ።

«ሴትዮዋ ሳትሄድ ድረሽባት። ለሷ የሚሆን ቋንቋ ያለሽ አንች ነሽ።»

ሮጥኩ። መኪናዋን ስታስነሳ መስኮቱን መታሁት፤ በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው መስኮት መትቼ አላውቅም። ምን እንዳልኳት ሁሉ ትዝ አይለኝም። እነዚህ ሰዎች እንዳልዋሹ፣ የጻፏቸው ሰዎች ሁሉ እንዳሉ፣ እንደሚበሉ፣ የሚበሉትም ከዚሁ ደሞዝ እንደሆነ፣ ስህተቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። «እስከ አርብ» አለች። «አዲስ ቅጽ። እዚህ የሚኖሩትን ብቻ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ተመልሰን ዞርን። በዚህኛው ዙር ሳቅ አልነበረም። ሰው ዘመዱን ሲያስቆጥር የሚቸኩለውን ያህል ሲያስቀር ይዘገያል። የአስተናጋጁ ሚስት «ታዲያ መንግሥት የላክነውን ብር ማን በላው ሊል ነው?» ብላ ጠየቀችን። ሐሙስ ቀን ምሳ እንደታደለ መኮንን የሚሠራበት ዳውንታውን ሄድን። እትዬ ከድጃ ፈቃድ ሳይጠይቁ ሽርጣቸውን ፈትተው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ፓርኪንጉ ሞቅ ያለበት ሰዓት ነበር፤ መኮንን ቁልፍ ይቀበላል፣ ሮጦ ፓርክ ያደርጋል፣ ሮጦ ይመለሳል። ንግግራችን በመሀል በመሀል እየተቆረጠ ነው።

«መኮንን፣ አስራ አንድ ብለህ ነበር። እዚህ ያላችሁት ስንት ናችሁ?»

«ሦስት። ግን እትዬ፣ እናትህን ቁጠር ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ!» መኪና መጣ። «ዋን ሚኒት!» ብሎ ሮጠ። ሲመለስ ላቡን እየጠረገ ነበር። «አሁን ደግሞ ልሰርዛት? እናቴን? በሕይወት እያለች፣ በገዛ እጄ?»

«ሰርዝ ማን አለህ? ይኸው፣ ባዶ ወረቀት ነው። በአሮጌው ላይ እናትህ እንዳለች አለች።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ፎቶ ሲነሱ ያልነበረ ሰው ሞተ ይባላል?»

መኮንን ሳያስበው ፈገግ አለ። ሌላ መኪና መጣ፤ ሄደ፤ ቆየ። እትዬ ከድጃ የትኬት ቤቱን እየዞሩ ጠበቁት። ሲመጣ ብዕሩን ከእጄ ወሰደና በመኪና ኮፈን ላይ ዘርግቶ «ሦስት» ብሎ ጻፈ።

«ኦኬ። ግን አሮጌውን መልሱልኝ። እዚያ ቢሮ ቀዳደው እንዲጥሏት አልፈልግም።»

«ሰናይት ታመጣልሃለች» አሉ እትዬ ከድጃ፣ እኔን ሳይጠይቁ።

አሮጌዎቹ ቅጾች አርብ ወደ ዋናው ቢሮ ሊመለሱ ታስረው ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። የመኮንንን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በዕድሜዬ የሰረቅኩት እሱን ብቻ ነው።

የቀረው የራሳቸው ቅጽ ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቤታቸው ገባን። ሰዓዳ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ የቤት ሥራ ትሠራለች። በፊተኛው ቅጽ ሰባት ብለን ነበር፤ እሳቸው፣ ሰዓዳ፣ እህታቸውና አራቱ ልጆች። አሁን ሁለት። ከመመሪያው ጀርባ ሰንጠረዥ አለ፣ ለስንት ሰው ስንት ገቢ እንደሚፈቀድ። የትምህርት ቤቱን ደሞዝና ቅዳሜ ቅዳሜ ካልቨር ሲቲ የሚያጸዱትን ቢሮ ደመርኩ። በሰባት ሰው ድሀ ነበሩ። በሁለት ሰው ግን ከቅናሹም መስመር አለፉ፣ በጥቂት። ደግሜ ደመርኩት። ሦስት ቢሆኑ ይገቡ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያም ያንን ሁሉ ሳምንት ስሮጥ ከርሜ፣ ያ ሁሉ ከተባልኩ በኋላ፣ እኔው ራሴ እንዲህ አልኩ፦

«አንድ ሰው ብቻ ብንጨምርስ? ሦስት ብንል? አንድን ሰው ማንም መጥቶ አይቆጥርም።»

«ማንን?»

«እንዴት ማንን?»

«ሦስተኛው ማን ይሁን? እህቴን ልጻፍ፣ ልጆቿን ማን ያሳድርልኝ? ከልጆቹ አንዱን? የቱን? ስማቸውን ልንገርሽና አንች ምረጭልኝ። ሙሐመድ አለ። ዘሃራ አለች። አሊ። ትንሿ ሐዋ። በይ እስኪ።»

ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። ሰዓዳ እርሳሷን አቁማ እያየችን ነው።

«ወይ ሁሉም፣ ወይ ማንም» አሉ እትዬ ከድጃ። «ሁለት በይ።»

ሁለት አልኩ። ወረቀቱን ወስደው፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው፣ ራቅ አድርገው አዩት። «አየሽ» አሉ፣ «አምስት ሰው ሲወርድልኝ ሀብታም ሆንሁ።» ቀልዱ የሳቸው ነው፤ ድምፁ ግን የሳቸው አልነበረም።

በቀጣዩ ክረምት ወሬ መጣ። ከአምስቱ የአራቱ ደህንነት ተሰማ። የማን እንዳልተሰማ አልጽፍም። ግን ያን ቀን ብመርጥ ኖሮ የትኛውን እመርጥ ነበር የሚለው ነገር ዛሬም አልፎ አልፎ መኪና እየነዳሁ ይመጣብኛል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ እቆያለሁ።

አርብ ቅጾቹ ገቡ። አንዳንዶቹ እንደ እትዬ ከድጃ መስመሩን አለፉ፤ አብዛኞቹ ግን ተቆጠሩ። ቁጥሩ የሚፈለገውን ያህል ባይሞላም ብዙ አልራቀም። ከገና በኋላ ማንበቢያ ክፍሉ አልተዘጋም፤ ሚስስ ግሪን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እንድትመጣ ተወሰነ። ሰዓዳ በሦስቱም ቀን ገባች። እትዬ ከድጃ መስኮቱ ጋ የሚሄዱበትን ሰዓት ለወጡ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ምሳ ታድሎ ጠረጴዛ እየተጠረገ ሳለ፣ ከመረባቸው ሥር ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ቢሮዬ መጡና ወደ ካፍቴሪያው ወሰዱኝ። ሰዓዳ እዚያ አለች። በእጃቸው ያልተከፈተ ፖስታ ይዘዋል፤ በስማቸው ከዋናው ቢሮ የተላከ ነው። ላነብላቸው እጄን ስዘረጋ ሰዓዳ ቀደመችኝ።

«እኔ ላንብበው።»

እትዬ ከድጃ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩና ፖስታውን ለሷ ሰጡ።

ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ ረጅም ቃል ላይ ስትደርስ ለሁለት ለሦስት ቆርሳ፣ ቆይታ፣ ተንፍሳ፣ እየገጣጠመች። ማመልከቻዎ ታይቷል። ከቤተሰብዎ ብዛት አንጻር ገቢዎ ከተወሰነው በላይ ነው። ስለዚህ ልጅዎ በነጻም ሆነ በቅናሽ ምሳ ለማግኘት ብቁ አይደለችም። «ብቁ» የሚለው የእንግሊዝኛው ቃል አስቸገራት፤ ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ተሻገረችው። እስከ ፊርማው ድረስ አነበበችው።

እኔ የእትዬ ከድጃን ፊት ለማየት ፈራሁ።

«ጨረሰችው?» አሉኝ።

«ጨረሰችው።»

«ሳትረጃት?»

«ሳልረዳት።»

«አንድ ቃልስ?»

«አንድም።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው ኑ እያሉ ጮኹ፦ «ሮዛ! ካም! ሁላችሁም ካም!» ምግብ አብሳዮቹ ከነጓንታቸው ወጥተው ከበቡን። ሰዓዳ አፍራ ወረቀቱን ከኋላዋ ደበቀችው፤ እሳቸው መልሰው ወደፊት አመጡት። እንደገና አነበበች፤ በዚህኛው ፈጠን ብላ። ሮዛ ደብዳቤው የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። እትዬ ከድጃን አቀፈቻቸው፤ ሌላኛዋም ትከሻቸውን እየደባበሰች በእንግሊዝኛ «አይዞሽ፣ ይግባኝ በይ» ትላቸዋለች።

እትዬ ከድጃ በእቅፏ ውስጥ ሆነው በሮዛ ትከሻ ላይ ወደኔ አዩ።

«ምን ሆነው ነው እኒህ ሰዎች? ሰው የሞተ አስመሰሉት እኮ» አሉ። ከዚያም ራሳቸውን አላቅቀው ወደ ልጅቱ ዘወር አሉ። «ድገሚው የኔ ሸጋ። ከላይ ጀምረሽ።»